እትዬ ምግብ እምቢ አሉ፣ ላይኛው ሰው ሰራሽ ጥርሳቸው ደግሞ ከመስቀል ጀምሮ ወልቆ አያውቅም… ምን ላድርግ?

የቀሃዋ፦

ሰላም ያገሬ ልጆች፣ በተለይ የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ወይ አረጋዊ ያስታመማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቢረዝምም አንብቡልኝ።

አክስቴ 81 አመታቸው ነው፣ እናቴ ካረፈች ጀምሮ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። የዛሬ ሁለት አመት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ደከመ፣ ከዛ ወዲህ መርሳቱም እየባሰ ሄደ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ ፒያሳ ሱቅ ነው የምውለው፣ ቤት ዘግቼባቸው መሄድ አስፈራኝ፣ ስለዚህ ካለፈው መስቀል ጀምሮ እዚሁ ጎንደር አንድ የአረጋውያን ማዕከል አስገባኋቸው። ስሙን አልጠራም፣ ልወቅሳቸውም አይደለም የመጣሁት። ገላቸውን ያጥቡላቸዋል፣ ልብሳቸው ንጹህ ነው፣ መድሃኒት በሰዓቱ ይሰጧቸዋል፣ ልጆቹም ደግ ናቸው።

ግን ከሶስት ሳምንት ወዲህ እንጀራ እምቢ አሉ። ሽሮ ፍትፍት እንኳን ሁለት ጉርሻ ወስደው ፊታቸውን ያዞራሉ፣ የሚቀበሉት አጥሚት ብቻ ነው። ሰራተኞቹን ስጠይቅ «እርጅና ነው እህቴ፣ ሲደክሙ እንዲህ ያደርጋቸዋል» አሉኝ እኔም አመንኩ። ጥምቀት ሰሞን እንግዳ በዝቶብኝ ሳልሄድ ሰነበትኩ፣ እሁድ ሄጄ ጉንጫቸውን ስስም አፋቸው ክፉኛ ሸተተኝ። እትዬ ማለት እኮ ጠዋት የወይራ መፋቂያ ሳይዙ ከቤት የማይወጡ ሰው ናቸው፣ ቅዳሜ ገበያ ሲሄዱ እንኳን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረዋት ነበር የሚሄዱት። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ላይኛው ጥርሳቸው ሰው ሰራሽ ነው የሚወልቀው አይነት፣ ከታች የራሳቸው ሰባት ጥርስ አለ። ማታ ማን ነው የሚያወልቅላቸው ብዬ ስጠይቅ አንዷ ልጅ «ይወልቃል እንዴ?» አለችኝ። አራት ወር ማለት ነው!! እኔም ሳስገባቸው አልነገርኳቸውም፣ ጥፋቱ የኔም ነው።

አሁን ጥያቄዬ፣ ሳላሳምማቸው እንዴት ነው የማወልቀው? ምግብ እምቢ ያሉት በዚህ ይሆን? ድዳቸው ደግሞ በልጅነታቸው የተነቀሰ ስለሆነ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ይቅላ አይቅላ በምን ይታወቃል? ግፊት አለባቸው፣ አስፕሪንም ይወስዳሉ። ሰራተኞቹንስ ሳላስቀይም እንዴት ላናግራቸው?


ነርስ ከአዘዞ፦

እህቴ አይዞሽ፣ ራስሽን አትውቀሺ። አስራ አንድ አመት ነርስ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ የበሽተኛ አፍ ከፍቶ ማየት ካልተነገረን በቀር የምንዘለው ነገር ነው፣ እኔም ራሴ ስንት ጊዜ ዘልያለሁ። አልጋ ላይ የተኛ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል እናገላብጣለን፣ አፉ ውስጥ ያለውን ቁስል ግን ማንም አያየውም።

መጀመሪያ አወላለቁ። እትዬን በደንብ አስቀምጫቸው፣ ጋደም እንዳሉ እንዳትሞክሪ። ፊት ለፊታቸው ዝቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ ከኋላ ወይ ከላይ የሚመጣ እጅ መርሳት ያለበትን ሰው ያስደነግጣል። ካላስቸገራቸውና ትን ካላላቸው ለብ ያለ ውሃ ትንሽ ይጎንጩ፣ የደረቀውን ያላላዋል። ከዛ የፊት ጥርሱን ባውራ ጣትና በጠቋሚ ጣትሽ ይዘሽ ቀስ እያልሽ ወደላይና ወደታች ነቅነቅ አድርጊው፣ ላንቃ ላይ አየር ስቦ ነው የሚጣበቀው፣ ጉንጫቸውን እንዲነፉ ብትነግሪያቸው አየሩ ይገባና ራሱ ይለቃል። ካልለቀቀ ወይ ካመማቸው አትታገይ፣ ወደ ጥርስ ሐኪም።

ሲወልቅ ላንቃውን በስልክሽ መብራት እዪው። በጥርሱ ቅርጽ ልክ ቀልቶ ከሆነ ወይ ነጭ እንደ እርጎ ያለ ነገር ካለ ፈንገስ ነው ሊሆን የሚችለው፣ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ስለዚህም ነው ተደብቆ የሚቆየው። ከንፈራቸው ጠርዝ ተሰንጥቆ ከሆነም እሱም አብሮ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ትልቁ ነገር፣ ቀኝ ጎናቸው ነው የደከመው ካልሽ ቀኝ ጉንጫቸው ውስጥ ምግብ ተከማችቶ ይቀራል፣ እሳቸው አይሰማቸውም። ጣትሽን በጎዝ ጠቅልለሽ በጉንጩና በድዱ መሀል ጥረጊ (በጥርሶቹ መሀል ጣትሽን አትክተቺ፣ ሳያውቁ ይነክሱሻል)። ሽታው ግማሹ ከዛ ይመስለኛል።

እና ነገሩ የሽታ ብቻ አይደለም። አፍ ውስጥ ያለው ቆሻሻና ባክቴሪያ ከምራቅ ጋር በተሳሳተ መንገድ ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ ስትሮክ የመታው ሰው ደግሞ መዋጥ ይቸግረዋል፣ በዚህ ነው የሳንባ ምች የሚይዛቸው። ጃፓን ውስጥ በ11 የአረጋውያን ማዕከላት ሁለት አመት ሙሉ የተሰራና በፈረንጆች 2002 የወጣ ጥናት አለ፣ ከምግብ በኋላ አፋቸው ከሚጸዳላቸው መሀል 11 በመቶው ብቻ ነው የሳንባ ምች የያዛቸው፣ እንደ ወትሮው ከተተዉት ግን 19 በመቶው። በብሩሽ ነው እኮ! ይሄን ለማዕከሉ ሰዎች ንገሪያቸው።


ማራኪ 2፦

እናቴ ጥርሷን ሲያማት ቅርንፉድ ትነክስበታለች ነጭ ሽንኩርትም ትወቅጥበታለች፣ አሞክሳሲሊን ደግሞ ከፋርማሲ ገዝተሽ ስጫቸው ሽታውን ያጠፋዋል እኛ እንደዛ ነው የምናደርገው።


የጥርስ ሐኪም ነኝ፦

ማራኪ በቅን ልብ እንደጻፍሽው አውቃለሁ ግን እባካችሁ ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ አታስቀምጡ ያቃጥላል፣ አስፕሪን ፈጭቶ ማድረግም እንደዛው፣ አፋቸው ነጭ ሆኖ ተልጦ የሚመጡ አሉ። አሞክሳሲሊን ደግሞ ፈንገስ ላይ ምንም አይሰራም፣ እንዲያውም አንቲባዮቲክ ፈንገሱን ያባብሰዋል።

የቀሃዋ፣ ስለ ንቅሳቱ የጠየቅሽው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እዚህ ጎንደር እድሜያቸው የገፋ እናቶች ብዙዎቹ ተነቅሰዋል፣ መጽሐፍ ላይ «ድዱ ቀይ ይሆናል» የሚለው ምልክት ለነሱ አይሰራም። ቀለሙን ተዪውና ሶስት ነገር እዪ፣ ሲቦረሽ ይደማል ወይ፣ በጥርሶቹ መሀል ያለው ድድ አብጦ ለስልሷል ወይ፣ ስትነኪው መግል ይወጣል ወይ። ንቅሳት የሌለበትን ላንቃቸውንና ጉንጫቸውን ደግሞ ቀለሙን ማየት ትችያለሽ። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ወይ ጠንካራ እብጠት ካገኘሽ ግን አትጠብቂ፣ ካንሰር አለመሆኑ መታየት አለበት።

ምግብ እምቢ ያሉበት ምክንያት ሳላይ አልፈርድም፣ ግን መርሳት ያለበት ሰው «ጥርሴን አመመኝ» አይልም። ፊት ማዞር፣ ማንኪያውን መግፋት፣ ጉንጭን መያዝ፣ አንዳንዴም መቆጣት፣ ይሄ ነው ንግግራቸው። ከእንጀራ ወደ አጥሚት መሸሽ ደግሞ ማኘክ ሲያም የሚመጣ ነገር ነው።

ሰው ሰራሹ ጥርስ ማታ ማታ መውለቅ አለበት፣ ይሄ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው ብላችሁ ያዙት። አማካይ እድሜያቸው ወደ 88 የሚጠጋ 524 ጃፓናውያን ሶስት አመት ተከታትለው ሲያዩአቸው ጥርሱን ሳያወልቁ የሚተኙት በሳንባ ምች ሆስፒታል የመግባት ወይም የመሞት እድላቸው ከሌላው ከእጥፍ በላይ ነበር። ስታጥቢው በለስላሳ ብሩሽና በተራ ፈሳሽ ሳሙና ነው፣ የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል። ከስር ውሃ ያለበት ሳፋ አድርጊ፣ ሲያመልጥሽ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ እንዳይሰበር። የፈላ ውሃ በጭራሽ፣ ይጣመማል ከዛ በኋላ አይገጥምም። በረኪና የሚጠቀሙ አሉ፣ ብረት ያለበትን ያበላሻል፣ ብረት ለሌለውም በጣም ቀጥኖ ከ10 ደቂቃ አይለፍ ከዛ በደንብ ይታጠብ። ሌሊት ንጹህ ውሃ ውስጥ ይደር።

ለሰባቱ ጥርሶች፣ ፍሎራይድ ያለው ኮልጌት (የሌላ ድርጅትም ይሆናል፣ ቱቦው ላይ የፍሎራይዱን መጠን የሚያሳይ 1450 ወይ ወደዛ የሚጠጋ ቁጥር ፈልጊ) የአተር ፍሬ ታህል ብቻ፣ በቀን ሁለቴ፣ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት። ድዱ ሲሸሽ የጥርሱ ስር ይጋለጣል፣ ስሩ እንደላይኛው ጠንካራ ስላልሆነ ቶሎ ይበሰብሳል። አረጋውያን ላይ በአንድ አመት ውስጥ ጥርስ ከስሩ ተበልቶ ሲቆረጥ የምናየው በዚህ ነው። ምራቅ ሲቀንስ ደግሞ ይብሳል፣ አንዳንድ የግፊት መድሃኒቶች፣ ሽንት የሚያሸኑት፣ ለእንቅልፍና ለነርቭ የሚታዘዘው አሚትሪፕትሊን አፍ ያደርቃሉ። መድሃኒቱን ማቆም ሳይሆን የምልሽ ዝርዝሩን ይዘሽ ነይ ነው።

አስፕሪኑንም ጥርስ ሊነቀል ነው ብለሽ በራስሽ እንዳታቆሚ፣ ስትሮክ ከመታው ሰው ላይ አስፕሪን ማቋረጥ ከሚደማው ጥርስ ይልቅ ያስፈራል። ሪፈራል ሆስፒታል የጥርስ ክፍል አለ፣ ውሰጃቸው። ጥርሱንም ይዘሽ ነይ!


የቀሃዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ ወለቀ። ለብ ያለ ውሃ አጠጣሁና ጉንጭዎን ይንፉልኝ ስላቸው ገባቸው፣ «ጧ» ብሎ ለቀቀ። ላንቃቸው እንደ ተቃጠለ ቀይ ነው ልክ በጥርሱ ቅርጽ፣ ነጭ ነጭም አለበት። ቀኝ ጉንጫቸው ውስጥ የደረቀ እንጀራ ነበር፣ መቼ የበሉት እንደሆነ እንጃ። ከታች ደግሞ አንዷ ጥርስ ስሯ ጠቁሮ ተቦርቡሯል፣ ጎዙ ሲነካት እጄን ያዙኝ። እስካሁን ምን ያህል ሲያማቸው እንደኖረ ሳስበው እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ያቺ ልጅ ይወልቃል እንዴ ያለችኝ አጠገቤ ቆማ አየች። እሷም ደነገጠች፣ «ማንም አላሳየንም እኮ» አለችኝ። በአስር ጣታቸው ለ30 ምናምን ሰው ነው የሚሮጡት፣ ልቆጣ አልቻልኩም።

ሐኪም ቤት ነገ እወስዳቸዋለሁ። ለማዕከሉ ግን ምን ልበል?


ከጎንደር በርሚንግሃም፦

የቀሃዋ፣ የጻፍሽውን ሳነብ ልቤ ተነካ። እኔ እዚህ እንግሊዝ ኬር ሆም (የአረጋውያን ማዕከል) ውስጥ ነው የምሰራው ዘጠኝ አመቴ፣ እና አውሮፓ ሁሉ ነገር የተሟላ እንዳይመስልሽ። በፈረንጆች 2019 የዚህ አገር ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት 100 ኬር ሆሞችን ዞሮ አይቶ ያወጣው ሪፖርት ላይ 52 በመቶው የአፍ ጤናን የሚመለከት መመሪያ እንኳን አልነበራቸውም፣ 47 በመቶው ለሰራተኛው ምንም ስልጠና አይሰጡም ነበር። ይሄ የሆነው ደግሞ በ2016 አገር አቀፍ መመሪያ ወጥቶ እያለ ነው። ስለዚህ የእናንተ ማዕከል ልጆች ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ የአፍ ነገር በየትኛውም አገር መጨረሻ የሚታሰብ ስለሆነ ነው።

እኛ ጋ አሁን የምናደርገውን ልንገርሽ። ሰው ሲገባ በመጀመሪያው ቀን አፉ ይታያል፣ የራሱ ጥርስ አለው ወይ፣ የሚወልቅ አለው ወይ ላይ ነው ታች ነው፣ ራሱ መቦረሽ ይችላል ወይ፣ ሁሉም ወረቀት ላይ ይጻፋል። ወረቀቱ ቢሮ ፋይል ውስጥ አይቀመጥም፣ ቁምሳጥኑ በር ውስጠኛው ላይ ይለጠፋል፣ ማታ የሚገባው ሰራተኛ ማንም ሳይነግረው ያየዋል። ለእትዬ አንድ ገጽ ጻፊላቸው በቃ፣ በአማርኛ በትልልቁ። «ላይኛው ጥርስ ይወልቃል። ማታ አውልቁ። ቀኝ ጉንጭ እዩ።» ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

ስም ጻፊበት ደግሞ። ማዕከል ውስጥ ጥርስ ይጠፋል ይቀያየራልም፣ በናፕኪን ተጠቅልሎ ከቆሻሻ ጋር የተጣለ ስንት አይቻለሁ፣ አዲስ ማሰራት ደግሞ ለደከመ ሰው መከራ ነው አዲሱን አይለምዱትም። በደንብ አድርቀሽ ወደ ጉንጭ በኩል ያለውን ሮዝ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ አሸት አሸት፣ በእርሳስ ስማቸውን ጻፊ፣ ከላይ ቀለም የሌለው ኩቴክስ ሁለት ጊዜ ቀቢና በደንብ ይድረቅ። ወራት ይቆያል ሲለቅ ትደግሚዋለሽ።

ስታናግሪያቸው «ለምን አላደረጋችሁም» ብለሽ አትጀምሪ። «ላሳያችሁ፣ አብረን እናድርገው» በይ። እኔም ያስተማረችኝ አንዲት ሴት እንደዛ ነው ያስተማረችኝ።


የአራዳው፦

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ አባባን ግን አራት አመት ቤት ውስጥ አስታምሜ ነው የቀበርኩት፣ መርሳት ነበረበት። የሰራልኝንና ያልሰራልኝን ልጻፍ።

በግድ አይሆንም። አንድ ቀን አፉን በግድ ከፍቼ አንድ ሳምንት ብሩሽ ባየ ቁጥር ይሸሸኝ ነበር፣ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። እምቢ ሲል ትቼው እወጣና ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደ አዲስ «አባባ እንደምን አመሹ» ብዬ እገባለሁ፣ ረስቶታል። አንድ ብሩሽ ለእሱ በእጁ አስይዘዋለሁ ሌላውን እኔ እይዛለሁ፣ እጁ ስራ ሲያገኝ አፉ ይከፈታል። ወይ ደግሞ እጁ ላይ እጄን ደርቤ አብረን እንቦርሻለን፣ እጁ ያስታውሳል ጭንቅላቱ ባያስታውስም።

ጾም ደግሞ ፈተና ነበር። አባባ በጾም እስከ 9 ሰዓት አፉ ውሃ አይነካም፣ የጾሙን ነገር ደግሞ አልረሳውም ሁሉን ረስቶ። ጠዋት ብሩሽ ሳመጣ «ልታስገድፈኝ ነው» ብሎ ይቆጣል። መጨረሻ ላይ የነፍስ አባቱን ለመንኳቸው፣ መጥተው «ልጄ አፍን መጥረግ መብላት አይደለም፣ እኔ ፈቅጃለሁ» አሉት፣ ከዛ ወዲህ ጠዋት በረጠበ ጎዝ ብቻ እጠርግለታለሁ፣ ዋናውን ብሩሽ ማታ ከራት በኋላ። ማዕከል ውስጥ ብዙዎቹ ጿሚ ስለሆኑ ይሄን ብታስቡበት፣ ሰራተኛው «እምቢ አሉ» ብሎ የሚያልፈው እሳቸው ግን ስለ ጾማቸው የሚጨነቁበት ሊሆን ይችላል። አብሮ የሚያገለግል ቄስ ካለ እሱን መጠየቅ ነው።

ውሃ የለም የሚሉሽ ከሆነ ደግሞ (ከተማችንን እናውቃታለን፣ በፈረቃ ነው) ለአንድ ሰው አንድ ስኒ ይበቃል። መጉመጥመጥ የማይችል ሰው መጉመጥመጥ የለበትም፣ ትን ይለዋል፣ ትንሽ የጥርስ ሳሙና፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ የተረፈውን በጎዝ ጠርጎ ማውጣት። ከንፈሩ እንዳይሰነጠቅ ከመተኛቱ በፊት ቫዝሊን ስስ አድርጌ እቀባው ነበር።

ከራት በኋላ ስኳር የበዛበት ሻይ እሰጠው ነበር ደስ እንዲለው ብዬ፣ እንዲህ ያለውን ከብሩሹ በፊት አድርጊው። ከብሩሽ በኋላ ውሃ ብቻ።


የቀሃዋ፦

ዘግይቼ ነው የተመለስኩት ይቅርታ፣ ጥርሱ ከወለቀ ዛሬ 12ኛ ቀኑ ነው።

ሐኪሙ አያቸው፣ የላንቃው ፈንገስ ነው አሉኝ፣ ኒስታቲን ጠብታ ታዘዘ፣ ሰው ሰራሹ ጥርስ ወልቆ፣ ጠብታው አፋቸው ውስጥ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚዋጠው። ጥርሱንም ካላጸዳሽ ፈንገሱ ተመልሶ ይመጣል ብለውኛል። በባጃጅ ስንመለስ እትዬ መንገድ ላይ ፋሲል ግቢን አይተው «ደረስን?» አሉኝ፣ ቤታችን የምንሄድ መስሏቸው ነው።

ለማዕከሉ ኃላፊ የበርሚንግሃሙ እንዳልከው ነው ያናገርኩት፣ ሳልወቅስ። ነርሷ የነገረችኝን የጃፓኑንም ነገርኩት፣ የሳንባ ምች ስለው ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ባለፈው ክረምት ሁለት ሰው በሱ አጥተዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ሰራተኞቹ ተሰብስበው አንድ በአንድ የሁሉንም አፍ አየን፣ እኔና ያቺ ልጅ ባትሪ ይዘን። የሚወልቅ ጥርስ ያላቸው አምስት ናቸው፣ ሁለቱ ማንም አያውቅም ነበር። ለሁሉም ብሩሽ ገዛን፣ ስም በፕላስተር ጻፍንበት፣ ወንድሞቼ ብር ላኩ። ብሩሾቹ አንድ ኩባያ ውስጥ ተጨምረው ሳይ ለየብቻ ይሁን ብዬ ተከራከርኩ፣ አሁን የየራሳቸው ኩባያ አላቸው። የጾሙን ጉዳይ ቄሱን እንጠይቃለን ብለዋል፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ።

እትዬ ትናንት ሽሮ ፍትፍት በሉ፣ ሳህኑን አልጨረሱም ግን ፊታቸውን አላዞሩም። ማታ ስቦርሽላቸው የአራዳው እንዳልከው እጃቸው የሚይዘው ነገር ፈለግኩና ከቤት የወይራ መፋቂያ ወስጄ ሰጠኋቸው፣ በደህናው በግራ እጃቸው ያዟት፣ አሸተቷት፣ ከዛ አፋቸውን ከፈቱልኝ።

የተቦረቦረችውን ጥርስ ሐሙስ ጠዋት ያዩዋታል፣ አስፕሪኑን አላቆምኩም፣ የመድሃኒቱን ዝርዝር ይዣለሁ። ከነቀሉት በኋላ ለስንት ቀን ነው በዛ በኩል የማልቦርሸው? የምታውቁ ካላችሁ ከሐሙስ በፊት ጻፉልኝ።


የጥርስ ሐኪም ነኝ፦

የተነቀለበትን ቦታ ለመጀመሪያው 24 ሰዓት አትንኪው፣ አይጉመጥመጡም። ሌሎቹን ጥርሶች ግን በዛው ማታ ቦርሺ። ከማግስቱ ለብ ባለ የጨው ውሃ፣ መጉመጥመጥ ካልቻሉ በሱ በራሰ ጎዝ ቀስ ብለሽ ዙሪያውን። የነከሷትን ጎዝ አፋቸው ውስጥ ትተሽ እንዳትሄጂ፣ ይረሷትና ትን ትላቸዋለች፣ ደሙ እስኪቆም አጠገባቸው ሆነሽ አንቺው አውጫት።